የሞላ ፊት

በደርግ ማብቂያ ዓመታት፣ ጉለሌ፣ የአክስቴ አስም የግቢው ሁሉ ጉዳይ ነበር። ክረምት ገብቶ ደረቷ ሲር ሲር ማለት ሲጀምር አንዷ ጎረቤት ከእንጦጦ የወረደ ባህር ዛፍ አፍልታ ታጥናታለች፣ ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ታልሳታለች፤ ቡና የምትቆላዋም ጭሱ እንዳይደርስባት ምጣዷን ይዛ ወደ ጓሮ ትዞራለች። ይሄ ሁሉ አልበቃ ሲል ፕሬድኒሶሎን አለ። ትንሽ ክኒን፣ ዋጋዋም ትንሽ። ከጥቂት ቀን በኋላ አክስቴ ተነስታ ወጥ ትሠራለች።

በዚያው ለመደቻት። ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ብሎ ሞላ። «ተመቸሽ እኮ!» አላት ሰፈሩ፤ ስኳር በቀበሌ ራሽን በሚታደልበት ዘመን የሞላ ፊት ያስቀና ነበር እንጂ ማን በሽታ ይለዋል? እሷም ደስ ይላት ነበር። የደም ስኳሩና የአጥንቱ መሳሳት የመጡት ኋላ ነው።

ልጇ ዛሬ ሜሪላንድ ትኖራለች፤ አስሙም አብሯት አለ። ሐኪሟ ደሟን ሲያስመረምር ኢኦሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በዝተው ተገኙ። የሚነፋውን መድኃኒቷን ሳትተው፣ በየስምንት ሳምንቱ ቤንራሊዙማብ ትወጋለች። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ክኒን መላ ሰውነትን ሲያዳርስ ይሄኛው እነዚያን ሴሎች ለይቶ ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ክኒኑን በየቀኑ ይወስዱ የነበሩ ሕሙማን በሐኪም ክትትል ቀስ እያሉ ሲቀንሱ፣ መርፌውን ያገኙት መካከለኛ ቅነሳቸው 75 በመቶ ሆነ። መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉትም 25 በመቶ ቀነሱ። ከአክስቴ ክኒኖችስ ስንቱ በከንቱ ተውጦ ይሆን?

ያኔ አንድ ሳል ስትስል ሦስት በር ይከፈት ነበር።

የልጇን ሕመም የፎቁ ጎረቤት አያውቅም። ፊቷ አይናገርም። ቡና ስትቆላ የሚጮኸው ደረቷ ሳይሆን የጭስ ማስጠንቀቂያው ነው። መርፌው በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ስለሚያወጣ ሐኪሟ ለኢንሹራንሱ በየዓመቱ ይጽፋል፦ መድኃኒቱ እንደሠራላት፣ እሷ ግን ጨርሳ እንዳልዳነች።

«እማዬን ማንም ፎርም አላስሞላትም» ትለኛለች እየሳቀች።

እውነቷን ነው። ስለ አጥንቷም የጠየቃት አልነበረም።