የክርስትና ስማችን ዕዳ

አንባቢ ሆይ፤ የክርስትና ስምህን ታስታውሰዋለህን? በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት የምንጠራበት ስም ሌላ ስለ ሆነ፥ ብዙዎቻችን ካህኑ ለቍርባን ወይም ለጸሎት ካልጠየቁን በቀር የክርስትና ስማችንን አናነሣውም። እኔም ባለፈው ክረምት አንድ ነገር እስኪገጥመኝ ድረስ ስለ ትርጉሙ አስቤበት አላውቅም ነበር።

የተወለድሁት እስቴ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ የተመደብሁት ግን በጋይንት ከሚገኙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ተማሪዎች ሲመዘገቡ መዝገቡን እንድይዝ ታዘዝሁ። አንድ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ መዝገቡን አጥፌ ልነሣ ስል፥ አንዲት እናት ሴት ልጃቸውን አስከትለው ደረሱ። ከበሽሎ ቆላ ሽቅብ ሲጓዙ መዋላቸውን ጭቃ የለበሰው እግራቸው ይመሰክር ነበር።

«የኔ ጌታ፥ ይችን ልጅ ይጻፉልኝ» አሉኝ።

«እናቴ፥ ሰዓት አልፏል፤ ነገ ይምጡ» አልኋቸው።

ልጅቱን መመዝገብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ነገር ግን ደንቡ ከኔ ጋር ነበርና ሕሊናዬ ምንም ሳይወቅሰኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

አከራዮቼ የስማዳ ሰዎች ናቸው። በማግሥቱ ወንድ ልጃቸው 40 ቀን ስለሚሞላው የክርስትና አባት እንድሆንላቸው ለምነውኝ ነበር። ገና ሳይነጋ አብሬያቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፥ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ሁለት ሰዎች አንድ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ቀረብ ብዬ ብመለከት የትናንቶቹ እናትና ልጅ ናቸው። በከተማው ዘመድ ስለሌላቸው በዚያ በክረምት ብርድ እዚያው አድረዋል። እናትየው ባዩኝ ጊዜ ለሰላምታ ብድግ አሉልኝ። ቢሰድቡኝ በወደድሁ ነበር!

እንዲህ እንዳፈርሁ ሕፃኑን ታቅፌ ቆምሁ። በሥርዓቱ መሠረት ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ መናገር በማይችለው ሕፃን ፈንታ ሰይጣንን ካድሁ፤ ወደ ምሥራቅም ዞሬ እምነቱን መሰከርሁለት። ተጠመቀ፤ ሜሮን ተቀባ፤ ማዕተብ ታሰረለት። ስሙም ገብረ ሥላሴ ተባለ።

ገብር በግእዝ አገልጋይ ማለት ነው። የሴቶቹ አመተ የሚለውም እንደዚሁ ነው። ዲያቆን የሚለው ቃል ከጽርእ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ያው አገልጋይ ነው። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደሚነግረን፥ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በዕለት ዕለቱ እደላ ባልቴቶቻችን ተዘነጉ የሚል አቤቱታ ስለ ተነሣ ነበር። እኔም የዚያን ቀን ባልቴት ከዘነጉት ወገን ሆኜ ራሴን አገኘሁት። ጌታ በዮርዳኖስ በአገልጋዩ በዮሐንስ እጅ ተጠመቀ፤ የደቀ መዛሙርቱንም እግር አጠበ። ይህንኑ በማሰብ ካህናቱ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ እናያለን። እኔ ግን ያን ጭቃ የለበሰ እግር አይቼ መዝገቤን አጠፍሁ።

ይህ አገር ለእንግዳ እንዲህ አልለመደም። የድጓው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ከየአውራጃው የመጣውን የቆሎ ተማሪ ያኖረው ገበሬው ከጓዳው የቆረሰለት እንጀራ ነው። ያ ገበሬ ለማያውቀው ሰው ልጅ በሩን ሲከፍት «ሰዓት አልፏል» አላለም። እኛ ደመወዝ የምንቀበለው ግን እንላለን።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልክ እንደ ነበር እናውቃለን። መልካም አሳብ ነበር። የጥምቀት አገልግሎት ግን ዓመቱ ሲያልቅ የሚያበቃ አይደለም። ወንድ በ40 ቀኑ፥ ሴት በ80 ቀኗ ትቀበለዋለች፤ እስከ መቃብርም አብሮ ይኖራል።

ከቅዳሴ በኋላ እናትና ልጁን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁና ከሥራ ሰዓት በፊት መዝገቡን ገልጬ የልጅቱን ስም ጻፍሁ። እናትየው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ምርቃቱ ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። ልጅቱ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ትማራለች፤ ባየኋት ቍጥር ያ ደጀ ሰላም ይታየኛል።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፤ ተማሪም ብትሆን ነገ ጠረጴዛ ይሰጥሃል፤ የመንግሥት ሠራተኛም ብትሆን ዛሬ ተቀምጠህበታል። ከሩቅ የመጣ ሰው ከፊትህ ቆሞ «ነገ ተመለስ» ለማለት አፍህን ስትከፍት፥ አስቀድመህ የክርስትና ስምህን በልብህ ጥራው።