ዘግይቶ የደረሰ መርዶ፦ ሽሽትና መጋፈጥ በሐዘን ሕክምና

መርዶ በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ዘንድ ተራ ወሬ ማድረስ አይደለም። የሞት ዜና የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው በአጠገብ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ሟቹ የቅርብ ሥጋ ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል፤ መርዶ ነጋሪዎቹ አስቀድመው ይመክራሉ፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባና ማን እንደሚናገር ይወስናሉ። የልማዱ መሠረት ግልጽ ነው፦ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን ሆኖ መስማት የለበትም።

ይኸው ርኅራኄ ባሕር ሲሻገር ሌላ መልክ ይይዛል። ልጅ በአረብ አገር ሳለች እናቷ ብትሞት ቤተሰብ በስልክ ሊያረዳት አይደፍርም። በሰው ቤት ናት፤ ብትወድቅ የሚያነሳት የለም። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በተሳሰረበት የከፋላ ሥርዓት ውስጥ፣ ለምሳሌ በሊባኖስ፣ «ለለቅሶ ልሂድ» ብትል እንኳ መሄዷ በአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ «ስትመጣ ትሰማለች» ይባላል። ውሳኔው የፍቅር ውሳኔ መሆኑ አያጠራጥርም። ከዚያ በኋላ ግን በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጅቱን ጨምሮ፣ ከአንድ ስሜት መሸሽን ይለማመዳል።

ለማሳያ ያህል በምናብ የተሣለች አንዲት ወጣት ትቅረብ። ስድስት ዓመት በቤይሩት ሠርታለች። በአራተኛው ዓመት እናቷ ዐረፈች። ከዚያ ወዲያ ስልክ በደወለች ቁጥር ታናሽ እህቷ «እማዬ ተኝታለች»፣ «እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» እያለች መለሰችላት። ወደ አገሯ በተመለሰች ማግሥት፣ በአክስቷ ቤት፣ ሰው ተሰብስቦ ተረዳች። ለቅሶው ግን እንደ ወጉ አልሆነም። ድንኳኑ ከተነሣ፣ ተዝካሩ ከወጣ ቆይቷል፤ የመንደሩ ሰው አልቅሶ ጨርሷል። ሁለት ቀን ያህል አብረዋት ተቀመጡ፣ ከዚያም «በቃ፣ በርቺ፣ እሷስ ዐርፋለች» አሏት። እሷም በረታች። የእናቷ መቃብር ወዳለበት ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። በስልኳ ውስጥ ያለውን የእናቷን ድምፅ አትከፍትም። የእናቷ ማድጃ ወዳለበት ጓዳ እህቷን ትልካለች። በወራት ውስጥ ማንም እንባ አላየባትም፤ ይህም በዙሪያዋ ባሉት ዘንድ እንደ ጥንካሬ ተቆጠረላት።

ኦርቫል ሆባርት ሞውረር እ.ኤ.አ. በ1947 ባቀረበው ባለሁለት እርከን የትምህርት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ፍርሃት በመጀመሪያ ከአንድ ነገር ጋር በመዛመድ ይለመዳል፤ ቀጥሎም ከዚያ ነገር በመሸሽ የሚገኘው እፎይታ ሽሽቱን ራሱን ያጠናክረዋል። የማብራሪያው ብርታት የእፎይታን ድርሻ በማሳየቱ ላይ ነው። ወጣቷ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ትታ በሌላው ስትዞር ደረቷ ላይ የነበረው ይቀልላል፤ ያ ቅለት ለነገው መዞር ደመወዝ ይሆናል። ዞራ ስለሄደችም መቃብሩ ፊት ብትቆም ምን እንደሚደርስባት የምታውቅበት አጋጣሚ አይፈጠርም። የምትፈራው ነገር በየቀኑ ሳይፈተን ይውላል፣ ሳይፈተንም ያድጋል። በአማርኛ «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አነጋገር ሆድ የተሰጠውን ሁሉ አቃጥሎ እንደሚጨርስ ይገምታል። የሽሽት ጥናት የሚያሳየው ከዚህ ይለያል፤ ሆድ የተቀበለውን ሳይፈጅ ሊያቆየው ይችላል።

ከዚህ ተነሥቶ ሽሽት ሁሉ ሕመም ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት የሐዘን ሞዴል፣ ሐዘንተኛ ጤናማ በሆነ ሁኔታ በሁለት ነገሮች መካከል እንደሚመላለስ ይገልጻል፤ አንድ ጊዜ ወደ ጉዳቱ ይጠጋል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከጉዳቱ ዘወር ብሎ ኑሮውን ያቃናል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ ጩኸቱ ይነሣል፣ የሟች ስምና ሥራ ይጠራል፣ ሐዘንተኛዋ ብድግ ትላለች። ከዚያ ሁሉም ይቀመጣል፤ ንፍሮው ይዞራል፣ ቡናው ይፈላል፣ በድንኳኑ ጥግ ካርታ የሚጫወቱ ወንዶች ድምፅ ይሰማል። ሌላ ለቀስተኛ ይመጣል፣ እንደገና ይነሣል። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ደግሞ ይህንኑ መመላለስ በወራት ላይ ይዘረጉታል። አበው የሥነ ልቦና ሕክምናን ቀድመው ደርሰውበታል የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ ቢቀር ይሻላል። ለቅሶ የተሠራው ሟችን ለማክበርና የዝምድና ዕዳን ለመክፈል ነው፤ በሽተኛን ለማዳን አልታሰበም። ሆኖም ማንም ሳያስበው ስሜትን በመጠን የመጋፈጫ ቦታ ይሰጣል። ችግሩ ቦታው ከሞቱ ቀን ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። ዘግይቶ ለደረሰ ድንኳን አይተከልም።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም የተራዘመ ሐዘንን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ሲያካትት፣ ሐዘኑ ከሞቱ በኋላ ቢያንስ 6 ወር የዘለቀና ከባህሉ ልማድ በግልጽ ያለፈ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣል። መርዶዋ በሁለት ዓመት የዘገየባት ሴት ስድስት ወሯ ከየትኛው ቀን ይቆጠር? ለእናትየው ከቀብሩ ቀን፣ ለልጅቱ ከዚያች ማለዳ። መመዘኛውን በኢትዮጵያ ለመጠቀም የሚያስብ ተመራማሪ ይህን ጥያቄ ማለፍ አይችልም።

ወደ ሕክምናው ሲገባ፣ ካተሪን ሺርና ባልደረቦቿ ለተወሳሰበ ሐዘን ያዘጋጁት፣ ወደ 16 ክፍለ ጊዜ የሚወስደው ዘዴ ሽሽትን በቀጥታ ይነካል። ታካሚዋ ዓይኗን ጨፍና የሞቱን ዜና የሰማችበትን ሰዓት አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ ትተርካለች፤ ጭንቀቷንም ከ0 እስከ 100 በሚደርስ መለኪያ እየመዘነች ትናገራለች። ትረካው ይቀዳል፣ በቤቷም ታዳምጠዋለች። ከዚህ ጎን ለጎን የሸሸቻቸውን ቦታዎችና ዕቃዎች በደረጃ ትቀርባለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው፣ 95 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ይህን ሕክምና ካገኙት 51 በመቶው መሻሻል አሳይተዋል፤ ለድባቴ የሚሰጠውን በሰዎች ግንኙነት ላይ ያተኮረ ሕክምና ካገኙት ደግሞ 28 በመቶው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግማሽ ያህሉ በዚህም ሕክምና የሚፈለገውን ያህል አለመሻሻላቸው ግን አብሮ መነገር አለበት።

ዘዴው በአማርኛ ሲሠራ በቋንቋው በኩል የሚገጥመው ነገር አለ። «በሩ ይንኳኳል፤ አክስቴ ገብታ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እጄን ትይዘኛለች» ብሎ መተረክ የሚጠበቅባት ሴት «ያው ተነገረኝ» ብላ ልታልፍ ትችላለች። ወይም ከራሷ ወጥታ «ሰው እናቱ ስትሞትበት ምን ያደርጋል?» ትላለች። ወይም «እግዜር የወደደውን ያደርጋል» ብላ ትዘጋዋለች። እያንዳንዳቸው ጨዋ፣ የተከበሩ አነጋገሮች ናቸው፤ ሽሽትም ሊያድርባቸው ይችላል። ባለሙያዋም ብትሆን ከዚህ ነጻ አይደለችም። ታካሚዋ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ «አይዞሽ» የምትለዋ ቃል ከባለሙያዋ አፍ ሳትጠራ ትወጣለች። ቃሏ በቦታዋ መድኃኒት ናት። አንድ ደቂቃ ቀድማ ስትመጣ ግን ለታካሚዋ «እዚህም አይለቀስም» የሚል መልእክት ታደርሳለች፤ የተገላገለችውም ምናልባት ባለሙያዋ ራሷ ትሆናለች። ቅጂውን በቤት ማዳመጥም ቢሆን አንድ ክፍል ከሦስት ሰው ጋር ለምትጋራ ሴት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። የት ሆና ትስማው?

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከትረካው በታች ያለው ነው። ወጣቷ ሽሽቷ ከሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቅሶው ቢዘገይም መንገድ ባልጠፋው ነበር። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ለእናቷ መድኃኒት ብላ ከደመወዟ እየቆጠበች ገንዘብ ልካለች። ገንዘቡ ተዝካር ወጥቶበታል። ይህን ስታውቅ የተሰማት ቁጣ ነው፤ የተቆጣችው ደግሞ ስለ እሷ ብለው በዋሹ፣ እሷን በሚወዱ ሰዎች ላይ ነው። ለቅሶ ለእንዲህ ያለው ስሜት ቦታ የለውም። ሙሾው «ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ» ብሎ ሟችን ይወቅሳል እንጂ «ለምን ደበቃችሁኝ» ብሎ በሕይወት ያሉትን አይጠይቅም። ስለዚህ መቃብሩን የሸሸችው እናቷን ፈርታ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ እዚያ ብትቆም የሚወጣው ቃል እህቷንና አክስቷን የሚያቆስል መሆኑን ፈርታ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዋ ይህን ሳትለይ እንባን ብቻ ከጠበቀች፣ ታካሚዋ ብዙ አልቅሳም ባለችበት ልትቆይ ትችላለች። ቁጣውን መጋፈጥ ማለት ቤተሰቡን መክሰስ አይደለም። ቁጣው እንዳለ፣ ፍቅሩም እንዳለ፣ ሁለቱ ባንድ አፍ ሊነገሩ እንደሚችሉ መሞከር ነው። ይህ ሙከራ ጊዜና ደኅንነት ይጠይቃል፤ የምትጠጋበት ሌላ ቤት የሌላትን ሴት ከቤተሰቧ ጋር ለሚያጋጭ ንግግር ማጣደፍ ሕክምና አይባልም።

በሺር ሕክምና ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት በአንዱ ታካሚው የሚቀርበውን ሰው ይዞ እንዲመጣ ይጋበዛል። ወጣቷ ታናሽ እህቷን ልትመርጥ ትችላለች። ስልኩን ታነሣ የነበረችው እሷ ናት። በተዝካሩ ዕለት ደወል ሲመጣ ከሰው መካከል ወጥታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን አስተካክላ «እማዬ ተኝታለች» ያለችው እሷ ናት። ያንን ዕለት ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ የጠየቃትም የለም። ሁለቱ ከባለሙያዋ ፊት ሲቀመጡ ቀድማ የምታለቅሰው ታናሽየዋ ልትሆን ትችላለች።