ያ ድምፅ

ፊልሙ «ክራምብስ» ይባላል፤ እኛ «ፍርፋሪ» አልነው። ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ2015 በኛው ቋንቋ የሠራው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ ዳንኤል ታደሰ የዳሎልን ቢጫ ምድር ያቋርጣል፤ የዛገች መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንጠልጥላለች። ስድስት የሊበን ልጆች አንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን መጀመሪያ ሳቅን። ለማይክል ጆርዳን የሚጸለይበት አገር አያስቅም እንዴ!

ኋላ ግን ያ እምም የሚል የማሽን ድምፅ መጣ። ቃል የለው፣ ምት የለው፤ ዝም ብሎ ይነዝራል። ሳቃችን ጠፋ። ከመካከላችን አንዱ «የአያቴ በገና!» አለ። እውነቱን ነው። በገናም ከአሥሩ አውታር ሥር ቁራጭ ቆዳ ስለሚሸጎጥ ነው እንደ ንብ የሚያጉረመርመው፤ ከግጥሙ በፊት ሆድ የሚያባባው ይኸው ነው። (የማሲንቆ ወዳጆች ይቆጡን!)

አያቱ ያረፉት በሁዳዴ ነበር። እኛ ፈተና ላይ ነበርንና ለቀብር ሳንደርስ ቀረን። ኋላ ለቅሶ ስንሄድ በገናው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ማንም አልነካውም።

ፊልሙ ሲያልቅ መብራት አላበራንም። ልጁ ጀርባውን እንደሰጠን «እስቲ ወደ ኋላ መልሱት» አለ። መለስነው።