የሰው መልክ አደራ ነው

በአሁኑ ጊዜ የእጅ ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ማንሻ ሆኖ በየቤቱ ገብቷል። ይሁን እንጂ ቁልፍ ተጭኖ ምስል ማንሣት አንድ ነገር ሲሆን፣ አቅዶ፣ ቀርጾና አቀናብሮ ለተመልካች የሚገባ ሥራ ማቅረብ እንደ ማንኛውም ሙያ ትምህርት ይጠይቃል። እኔ በደብረ ሲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስሆን፣ ይህን ሙያ በትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ በመማር ላይ እገኛለሁ። ያገኘሁትን ለእኅቶቼና ለወላጆች ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ 190 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ከተማችንን ያገኛታል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ በጉሙ ውስጥ የሚቀበለው የቆሎ ሻጮች ድምፅ ነው። ከነዚህ ሴቶች መካከል እናቴና አንዲት ጎረቤታችን ይገኛሉ። የመጀመሪያ ሥራዬ እንዲሆን የመረጥኩትም የእነርሱን የቆሎ ሥራ በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ማሳየትን ነው።

የቀረጻ መጀመሪያው ደብተርና እርሳስ ነው። አንዱን ገጽ በሦስት ከፍዬ የሚታየውን፣ የሚሰማውንና የሚወስደውን ጊዜ ጻፍኩ። ገብሱ ይለቀማል፤ በውኃ ይረጥባል፤ በሙቀጫ ይፈተጋል፤ በሰፌድ ይነፋል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በምጣድ ይቆላል፤ ከሱፍና ከኦቾሎኒ ጋር ይደባለቃል። መንገደኛው በመስኮት የሚቀበለው ግን የመጨረሻዋን እፍኝ ብቻ ነው። ጽሑፉን ሳነብላት እናቴ፣ «ይህን ሁሉ የምሠራው እኔ ነኝ?» ብላ ሳቀች። ታዋቂው የፊልም ሰው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ የቀረበውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ እንደ ቀረጸው ይነገራል። ጊዜና ገንዘብ ሲያጥር እቅድ ምን ያህል እንደሚረዳ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በቤታችን ያለው ስልክ አንድ ብቻ ሲሆን ደንበኞችም የሚደውሉት በእርሱ ነው። ስለዚህ ቀረጻው ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት እንዲሆን ከእናቴ ጋር ተስማማን። አባቴ፣ «ሴት ልጅ ካሜራ ይዛ መንገድ ዳር ብትቆም ሰው ምን ይላል?» ሲል፣ እናቴ፣ «እኔስ መንገድ ዳር ቆሜ አይደለም ያሳደግኋት?» አለችው። ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም።

ጠዋት ጉሙ ሲነጣ ካሜራው ለጉሙ ስለሚያደላ የሰው ፊት ይጠቁራል። መድኃኒቱ በስክሪኑ ላይ ፊቱ ባለበት ቦታ ጣትን አሳርፎ በመቆየት ብርሃኑን ማስተካከልና እንዳይለዋወጥ መቆለፍ ነው። የከባድ መኪና ድምፅ ንግግርን ስለሚውጥ፣ የእናቴን ቃል ማታ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቼ ለብቻው ቀዳሁት።

ጎረቤታችንን ግን ከመቅረጼ በፊት፣ «እትዬ፣ ይፈቅዱልኛል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሳቸውም፣ «ሥራዬን አሳዪ የኔ ልጅ፤ ለማኝ ግን አታስመስዪኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ያየዋል» የሚል ነበር።

የዚህ ቃል ክብደት የታወቀው በቅንብሩ ጊዜ ነው። ከ40 ደቂቃ ቀረጻ ውስጥ ሦስቱን መምረጥ ነበረብኝ። ከሁሉ ያማረው ምስል እትዬ በጉሙ ውስጥ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተው የሚታዩበት ነበር። አንድ የክበባችን አባል፣ አውቶቡሱ ሳይገዛ ሲሄድ ከሚያሳየው ምስል ቀጥሎ ይህ ቢገባና የኀዘን ሙዚቃ ቢጨመርበት ተመልካቹ ያለቅሳል አለ። አባባሉ እውነት ነበር። የሶቪየቱ የፊልም መምህር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት፣ አንድ ያልተለወጠ የሰው ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር ሲቀጠል ተመልካቹ አንዴ ረኃብ፣ አንዴ ኀዘን እንደሚያነብበት አስተምሯል። እትዬ ግን በዚያ ሰዓት አላዘኑም፤ የጠዋቱን ገቢ በጉያቸው እየቆጠሩ ነበር። ስለዚህ ከፊታቸው ቀጥሎ ገንዘቡን የሚቆጥሩትን እጆቻቸውን አስገባሁ፤ ሙዚቃውም ቀረ። ያለቀሰ ተመልካች ባይኖርም፣ የቀረበው እውነቱ ነው።

ቪዲዮው በትምህርት ቤት ከመታየቱ በፊት በቤታችን ለባለቤቶቹ ታየ። እትዬ ሁለት ጊዜ አይተው ነጠላቸው የተንሸራተተበት ምስል እንዲወጣ ጠየቁ፤ ወጣ። ወንድሞቼም ሙቀጫው ከሌሊት ጀምሮ ሲሠራ በቪዲዮው ካዩ ወዲህ ፍተጋውን በተራ ይዘዋል።

እኅቶቼ ሆይ፣ ይህ ሙያ ውድ ካሜራ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር፣ የሚያስተምር ሰውና ትዕግሥት ይበቃዋል። የምትቀርጹትን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለሌላው ከማሳየታችሁም በፊት ለእርሱ አሳዩ። ወላጆችም ልጃችሁ ስልክ ይዛ ስታዩ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደምትሠራ ጠይቋት። ምናልባት በየቀኑ የምታልፉትን፣ ግን ልብ ያላላችሁትን የእናቷን ድካም ታሳያችሁ ይሆናል።