ከሽልማቱ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ጥምጥም የክብር ምልክት ነው፤ ምሳሌውም ክብርን አይነቅፍም፤ ክብሩ ከዕውቀቱ እንዳይቀድም ብቻ ያስጠነቅቃል። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ሳይንስና ስለ ፈጠራ ውድድር ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኸው ምሳሌ ነው። በውድድሩ ቀን ተማሪው ስሙ ተጠርቶ ይወጣል፤ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እኛም እጃችን እስኪቀላ ድረስ እናጨበጭባለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ያጨበጨብነው ለወረቀቱ ነው ወይስ ለሥራው ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ አንድ የአገራችንን ሊቅ ላስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በእንዶድ ልብስ ማጠብ የቆየ የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ ያንን አረፋ ሲፈስ ያየ ሰውም ቍጥር የለውም። እርሳቸው ግን ከላይ ያሉት ቀንድ አውጣዎች በሕይወት ሳሉ የታችኞቹ ስለ ምን እንደ ሞቱ ጠየቁ፤ የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድልም በሙከራ አረጋገጡ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነበር። በጥያቄውና በዚህ ሽልማት መካከል 25 ዓመት አለ። እንግዲህ ሥራን የሚያቆየው ጥያቄው እንጂ ጭብጨባው አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ከዚህ ቀጥሎ የእኛን እኩያ እንመልከት። ሄማን በቀለ በአዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የቆዳ ካንሰርን ለማከም ይረዳል ብሎ ባሰበው ሳሙና ስሪኤም የተባለው ኩባንያ በሚያዘጋጀው የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25,000 ዶላር ተሸለመ። በ2024ም ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ ሰየመው። በሕፃንነቱ በኢትዮጵያ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲሠሩ ማየቱ ለሐሳቡ ምክንያት እንደ ሆነው ተናግሯል፤ ሳሙናን የመረጠውም ሁሉ ሰው የሚጠቀምበት ነገር በመሆኑ ነው።

ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ውድድር ለመጨረሻው ዙር የሚያልፉት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሳይንቲስት ይመደብላቸውና አብሯቸው እየመከረ ይሠራል። ሄማንም ሲሸለም ሳሙናው ገና መድኃኒት አልነበረም፤ ከሽልማቱ በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ገብቶ በአይጦች ላይ ሙከራውን ቀጠለ። ሽልማቱ የሥራው መደምደሚያ ሳይሆን መግቢያ በር ሆነለት ማለት ነው።

እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1950 በፊላደልፊያ ከተማ በ30 ተማሪዎች የተጀመረውና ዛሬ ከብዙ አገሮች የመጡ ወጣቶች የሚገናኙበት ዓለም አቀፉ የሳይንስና የምህንድስና ውድድር አለ። በዚያ ዳኞቹ ከ100 ነጥብ 25ቱን የሚሰጡት ተማሪው ከሥራው አጠገብ ቆሞ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ለሚመልሰው መልስ ነው። የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ቀርቦ ያየ ሰው ነው፤ መጠየቅም ራሱ ማክበር ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝን፣ በዓይኔ ያየሁትን ነገር አሁን ልናገር። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሌሊት። አንዲት የክፍሌ ልጅ እናቷ ሮቶው እስኪሞላ ድረስ ቁጭ ብለው ሲያነጉ፣ እንቅልፍ በጣላቸውም ሌሊት ውሃው ሞልቶ በግቢው ሲፈስ አይታ አንድ መሣሪያ ሠራች። ዕቃው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ተንሳፋፊ፣ ሁለት የመዳብ ሽቦ፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይና ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ የወጣች የምትጮኽ ነገር ብቻ ነበር። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ወደ ላይ ወጥቶ ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ይጮኻል። እኔ መሰላል ያዥ ነበርሁ።

በውድድሩ ሁለተኛ ወጣች፤ ተጨበጨበላት። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋራ ዕቃ ቤት ገባ። በቤቷም «ምስክር ወረቀቱን አግኝተሻል፤ እንግዲህ ለ12ኛ ክፍል ፈተና አጥኚ» ተባለች። ምክሩ ክፉ አልነበረም፤ እርሷም ሥራዋን ልትረሳው ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ዘበኛው በር ላይ አስቆሟትና «ልጄ፣ ያ የሚጮኸው ነገርሽ ዝናብ ቢመታው ምን ይሆናል?» አሏት። «እኔ እንጃ አባባ፣ አልሞከርሁትም» አለቻቸው። ለካ እኒያ ሰው ያን ሁሉ ቀን በር ላይ ተቀምጠው ስለ ሥራዋ ያስቡ ኖረዋል!

በማግሥቱ መሣሪያውን ከዕቃ ቤት አስወጥታ ሁለት ሳምንት ዝናብ ላይ አኖረችው። የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ሆነ፤ ቢነካካም አልጮኽ አለ። ብዙ ካሰበች በኋላ የሁለቱን ሽቦ ጫፍ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አስገብታ፣ ከብስክሌት ኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስ ጨምራ አፉን በሻማ ሰም ደፈነችው። አሁን ተንሳፋፊው ብልቃጡ ራሱ ነው፤ ውሃው ከፍ አድርጎ ሲያዘነብለው ኳሷ ተንከባልላ ሽቦዎቹን ታገናኛለች፤ ዝናብም አይነካቸውም። ዛሬ በቤታቸው ሮቶ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እናቷም ይተኛሉ። የምስክር ወረቀቱ ይህን አላደረገም፤ የዘበኛው ጥያቄ ግን አደረገ።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድድር ባለፈ በወሩ ተሸላሚውን በሰልፍ ፊት አቁማችሁ «ሥራህ ከምን ደረሰ? ምን አስቸገረህ?» ብላችሁ እንድትጠይቁት፣ የላቦራቶሪውም በር ቅዳሜ ከሰዓት በፊት እንዲከፈትለት በትሕትና አመለክታለሁ። ለጥቂት ሜትር ሽቦ የሚበቃ ገንዘብ ከትልቅ ዋንጫ ይልቅ ይጠቅመዋል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ተሸልሞ ሲመጣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት የሠራውን እንዲያስረዳችሁ በማዕድ ላይ ጠይቁት። እኛም ጓደኞቹ ካጨበጨብን በኋላ ወደ ጠረጴዛው ቀርበን አሠራሩን እንመርምር።

በሚመጣው ዓመት የተሸላሚዎቹ ስም በዚህ መጽሔት ሲታተም፣ ከስማቸው ቀጥሎ የተነሡበት ጥያቄና ገና ያልፈቱት ችግር አብሮ እንዲጻፍ እለምናለሁ። ከእነዚያም ችግሮች አንዱን፣ ምናልባት፣ ምንም ያልተሸለመ ተማሪ ይፈታው ይሆናል።