ሦስት መቶ ቅጠል

«ዘግተው ይክፈቱት፣ ጋሼ» እያልኩ ያሳለፍኳቸውን ሦስት ሳምንታት ሳስብ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ።

ጎንደር ፒያሳ ሱቅ፣ አዘዞ መጋዘን ላላቸው አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠርቼላቸው ነበር። ከሰመረ ዳባትና ደባርቅ ላሉት ሱቆቻቸውም ሊያስገቡት ቃል ገብተውልኛል። ገና ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ልጅ እንጀራም ስምም ነበር።

ሶፍትዌሩን የሠራሁበት የማይክሮሶፍቱ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ዳታቤዙን የሚያናግረው ኮንቴክስት በሚባል ኦብጀክት በኩል ነው። እኔ ጠዋት አንዱን ከፍቼ እስከ ማታ እሱኑ አሠራው ነበር፤ ደጋግሞ መክፈት ብክነት መስሎኝ! ለካ አንዴ ያነበበውን ረድፍ በጉያው ይዞ ይውላል። ዳግም ስትጠይቀው ጥያቄው ዳታቤዙ ድረስ ይሄዳል፣ አዲሱ ቁጥርም ይመጣል፤ እሱ ግን ያ ረድፍ በእጁ ስላለ አዲሱን ጥሎ አሮጌውን ይሰጥሃል። ሎጉን ሳይ ጥያቄው ወጥቷል። ዳታቤዙን ሳይ 60፣ ስክሪኑ ላይ 300። «ኔትወርክ ነው» አልኩ። ለኔትወርክ ጠበቃ የሚቆም ማን አለ?

ዘግተው ሲከፍቱት ይስተካከል ነበር እኮ! መልሱ በየማለዳው ዓይኔ ሥር ነበር።

ይህን ባየሁበት ቀን ከአዘዞ 240 ቅጠል ተሸጧል። የፒያሳዋ ሻጭ 300 አይታ ለደባርቅ ገዢ 200 ቆረጠችለት። ኮዴም ከአሮጌው 300 ላይ 200 ቀንሶ ዳታቤዙ ላይ 100 ብሎ ጻፈ፤ ትክክለኛውን ቁጥር ጭምር አጠፋው። ሰውዬው አይሱዙ ተከራይቶ መጋዘን ሲደርስ የጠበቀው 60 ቅጠል ነው።

አሠራሩስ ክፋት የለበትም። በአንድ ሥራ መሃል አንድ ረድፍ ሁለት መልክ እንዳይኖረው የታሰበ ነው፤ ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ «አይደንቲቲ ማፕ» ብሎ ጽፎታል። ማይክሮሶፍትም ኮንቴክስት ለአንድ ሥራ ተከፍቶ ይዘጋ ይላል። ለማየት ብቻ ለሚሆን ጥያቄ ደግሞ «አዝ ኖ ትራኪንግ» የምትል ትእዛዝ አለች። አንዲት ትእዛዝ! አንብቤያት «በኋላ» ብዬ ያለፍኳት።

ጋሼ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ማሽንህ የሚነግረኝ የጠዋቱን ነው። የጠዋቱንማ እኔም አውቀዋለሁ» ብለው ሂሳቤን ከፈሉኝ።

ባለፈው ጥምቀት ሰሞን በደጃቸው አለፍኩ። ደብተራቸውን ዘርግተው፣ ስልኩን በትከሻቸው ደግፈው አዘዞን ይጠይቃሉ፦ «አሁን ስንት ቀረ?»