ጆይስቲኩ የማን ልጅ ነው?

ጎጃም ውስጥ እንግዳ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። ስሙ ብቻውን አይበቃም፤ አባቱ ሲታወቅ አገሩ ይታወቃል፣ አገሩ ሲታወቅ መቀመጫው ይታወቃል። ኮምፒውተርም ጆይስቲክ ሲሰካበት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ችግሩ ርካሽ ጆይስቲክ ስለ ዘሩ መዋሸቱ ነው።

እዚህ ጉዳይ ውስጥ የከተተኝ የእህቴ ልጅ ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት አለው። ደንበኛው ሁሉ ኳስ ኳስ ሲል እሱ ራሱ የጻፈውን፣ ሁለት ሰው የሚጫወተውን የገና ጨዋታ በአሮጌ ላፕቶፕ ያስሞክራል። ታችኛው ቁልፍ ሩሯን ይመታል፣ የግራው ለጓደኛ ያቀብላል። አዲስ ጆይስቲክ የሰካ ዕለት ግን መምቻውን የተጫነው ልጅ አቀበለ። ተናዶ የላይኛውን ሲጫን መታ። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ሰክሯል» አለኝ።

አልሰከረም። ጆይስቲክ የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ፕላስቲክ ላይ ከላይ ተነሥቶ ወደ ቀኝ እየዞረ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተጽፏል። ኮምፒውተር ከዜሮ ስለሚቆጥር ታችኛው 3 ለእሱ 2 ነው። ጨዋታው በተጻፈበት በኤክስቦክስ ሥርዓት ደግሞ 2 ማለት የግራው ቁልፍ ነው። ልጁ ሲመታ ማሽኑ «አቀብል» ብሎ የሰማው ለዚህ ነው።

ይህን ዝብርቅርቅ ማን አመጣው ብሎ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ቶሎ አይመለስም። መስቀል የሚመስለውን የአቅጣጫ ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1982 የኒንቴንዶው ጉንፔይ ዮኮይ ለኪስ ጨዋታ ሠራው፤ እዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ጠቡ የመጣው ከሌሎቹ ቁልፎች ነው። ኒንቴንዶ «ኤ»ን በቀኝ አስቀመጠ፣ ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን ሲያወጣ ታች አወረደው። ሶኒ ፊደሉን ትቶ ቅርጽ ሣለ፤ ግን ጃፓን ውስጥ ክቡ «እሺ» ሲሆን አሜሪካ ሲሻገር «እሺ» የሚለው ኤክሱ ሆነ። ይህ እስከ 2020ው ፕሌይስቴሽን 5 ድረስ ቆየ። ሦስት ሀብታም ኩባንያዎች በአንዲት ቁልፍ ቦታ አልተስማሙም፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ፍኖተ ሰላም ያለ ልጅ ነው።

ሽማግሌ ሆኖ የገባው ኤስዲኤል የሚባለው ላይብረሪ ነው። ሳም ላንቲንጋ የተባለ አሜሪካዊ የዊንዶውስ ፕሮግራም ወደ ማኪንቶሽ ሲያሻግር፣ «መስኮት መክፈትን፣ ድምፅ ማውጣትን፣ ቁልፍ መቀበልን በየማሽኑ እንደ አዲስ ከምጽፍ አንዴ ልጻፈውና ሁሉም ይጠቀምበት» ከሚል ሐሳብ ላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. 1998 ነበር። በኋላ የሠራበት ሎኪ የተባለ ድርጅት የጌም ሶፍትዌሮችን ወደ ሊኑክስ ያሻግር ነበር፤ ድርጅቱ በ2002 ተዘጋ። ላይብረሪው ግን ከአሳዳጊው ተርፎ ይኸው የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ አለ።

ሽምግልናው እንዲህ ነው። ጆይስቲኩ ሲሰካ የአምራቹን ቁጥርና የዕቃውን ቁጥር ይናገራል። ላይብረሪው ሰዎች በበጎ ፈቃድ ካዋጡት ረጅም ዝርዝር ውስጥ ያንን ቁጥር ይፈልግና «የዚህ ታችኛው 2፣ ቀኙ 1፣ ግራው 3፣ ላይኛው 0 ነው» የሚል አንድ መስመር ያነባል። በጥር 2025 የወጣው ሦስተኛው እትም ደግሞ ከ«ኤ» እና ከ«ቢ» ጠብ ጨርሶ ወጥቶ ቁልፎቹን ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን ብሎ በአቅጣጫ ሰየማቸው። እኔ በበኩሌ ከ1982 ወዲህ የሰማሁት ጤነኛ ሐሳብ ይህ ነው።

የእኛው ጆይስቲክ የተናገረው 0079 እና 0006 ነው፤ ድራጎንራይዝ የሚባለው አምራች ቁጥር። ይህ ቁጥር ርካሽ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል፤ መልካቸውም ገመዳቸውም የማይገናኝ ጆይስቲኮች አንድ አባት ይጠራሉ። ስለዚህ ለአንዱ የተጻፈው መስመር ሌላውን ሊያሳብደው ይችላል። እኛ ግን ቀንቶናል፤ ያገኘነው መስመር ልክ ሆነ። ዝርዝሩ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ይዞራል፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ጭምር በዚያው መንገድ መዞር ይችል ነበር።

ቁልፉ ሲስተካከል ሌላ ሁከት መጣ። ደንበኛ ዘፈን ሊያስገለብጥ ፍላሽ ሲሰካ ከጨዋታው ፊት ሌላ መስኮት ብቅ ይላል፤ ያኔ ሁለቱም ጆይስቲኮች ዝም! ይህም ብልሽት አይደለም። መስኮቱ ከፊት ካልሆነ ላይብረሪው የጆይስቲክን ወሬ ሆን ብሎ አያቀብልም፤ አለዚያ ደብዳቤ እየጻፍክ ጨዋታው ከኋላህ ይሄዳል። ተቃራኒውን ማዘዝ ይቻላል። ልጁ ግን ጨዋታው እንዲቆምና «ቆይ፣ መስኮቱን መልስ» የሚል ጽሑፍ እንዲወጣ አደረገ። ደግ አደረገ።

ከሁሉ የከፋው ገመዱ ነው። በመሸነፍ ላይ ያለ ተጫዋች ገመዱን «ሳያውቅ» ይነቅላል። መልሶ ሲሰካው ላይብረሪው ያንኑ ጆይስቲክ አዲስ ቁጥር ሰጥቶ እንደ ሌላ እንግዳ ይቀበለዋል። የልጁ ኮድ 0ን እና 1ን ብቻ ስለሚያውቅ 2 ሆኖ የተመለሰው ደጅ ቆሞ ቀረ፤ ጨዋታው ፈረሰ፣ ተሸናፊውም ዳነ። አሁን የተነቀለው ሰው ወንበር ባዶውን ይጠብቃል፤ ቀጥሎ የተሰካው እዚያው ይቀመጣል፤ ውጤቱም እንዳለ ይቆያል። ገመድ የሚነቅለው ሰውም በጣም ቀንሷል።

ቡሬ ወደ ነቀምቴ መገንጠያው አካባቢም ሆነ ሌላ ቦታ ጆይስቲክ የምትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ቢላችሁ ካርቶኑን አትዩ። ኮምፒውተር ላይ አሰክታችሁ ቁጥሩን ጠይቁ፤ 0079 ካለ ዋጋውን አስቀንሱ፣ ታችኛውንም ቁልፍ ሳትከፍሉ ሞክሩት።